ግራንት ለሰሜን ሸዋ ሰዓሊ፦ እንዴት ይጠየቃል፣ ሲገኝስ ለምን ይውላል

ግራንት፣ ማለትም ለሥራ የሚሰጥ የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ፣ ሲባል ብዙ ሰዓሊ መጀመሪያ የሚያስበው ቀለምና ሸራ ነው። ቀለም ግን ተበድሮም፣ ቆጥቦም ይገዛል። የማይገዛው ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በሥዕል የሚተዳደር ሰው የሆቴል ግድግዳ ይሥላል፣ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ ለምረቃና ለልደት የፊት ምስል ይሠራል፣ ተማሪ ያስተምራል። እነዚህ ሥራዎች እንጀራ ናቸው፤ ነገር ግን ደንበኛው አስቀድሞ በሚያውቀው መልክ የሚሠሩ ስለሆኑ ሞክሮ ለማበላሸት ቦታ የላቸውም። አንድ ሰዓሊ ካለበት ወደ ሌላ ደረጃ የሚሸጋገረው ደግሞ ሃያ ሞክሮ አሥራ አምስቱን ሲጥል ነው። ግራንት ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የሚጣሉትን አሥራ አምስቱን ይከፍላል።

የአንኮበሩ ተወላጅ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ ካሳዩት ኤግዚቢሽን ያገኙትን ገንዘብ ይዘው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ጣልያንን፣ ፈረንሳይን፣ ስፔንን፣ ፖርቱጋልንና ግሪክን እየተዘዋወሩ ተማሩ፣ የመስታወት ሥዕል አሠራር እውቀታቸውን አሳደጉ፣ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች አጠኑ። የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ ግራንት አልነበረም፤ የዋለበት መንገድ ግን ዛሬ ግራንት ሰጪዎች በማመልከቻ ላይ ሊያዩት የሚፈልጉት ነው፦ ገንዘብ ወደ ጊዜ፣ ጊዜ ወደ እውቀት፣ እውቀት ቀድሞ ወደማይቻል ሥራ።

ከቅጹ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር

ማንኛውንም የማመልከቻ ጥሪ ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ጻፉ፦ «አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ እንዲህ መሥራት እፈልጋለሁ፤ የከለከለኝ ይህ ነው።» ሦስተኛው ሐረግ «ገንዘብ የለኝም» ብቻ ከሆነ ገና አልተጻፈም። ገንዘብ ስለሌለ ምን ቀረ? ሥራ ማቆም ነው? ከሸማኔ ጋር መቀመጥ ነው? ትልቅ ሸራ የሚቆምበት ክፍል ነው?

ለምሳሌ፦ «የደብረ ብርሃን አካባቢን ገጠር በዘይት ቀለም እሥላለሁ። ባና የሚባለውን የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ ከሚሠሩ የመንዝ ፈታዮችና ሸማኔዎች ጋር ሠርቼ ሱፉን ራሱን የሥዕሉ አካል ማድረግ እፈልጋለሁ። ያልቻልኩት መንዝ ሁለት ወር ለመቀመጥ የትእዛዝ ሥራዬን ማቆም ስላለብኝና ሱፍ ማቅለም ስለማላውቅ ነው።» ይህን ያነበበ ገምጋሚ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ወዲያው ያያል። «የአገሬን ባህል ለዓለም ማስተዋወቅ» የሚለው ግን ከአንድ ሺህ ማመልከቻ ስምንት መቶው ላይ ሊገኝ የሚችል ስለሆነ ማንንም አያቆምም።

ለማን ነው የሚጠየቀው

ጥሪዎች በመልካቸው ይለያያሉ፤ ልዩነቱን አለማወቅ ብዙ ድካም ያስከትላል። የፕሮጀክት ግራንት መጀመሪያና መጨረሻ ላለው ሥራ ይሰጣል፣ በሪፖርትም ይዘጋል። ሬዚደንሲ በአብዛኛው ማደሪያ፣ መሥሪያ ቦታና የኪስ ገንዘብ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚጠብቋችሁ ልጆች የሚቀር ነገር ላይኖረው ይችላል። የጉዞ ድጋፍ ትኬትና ቪዛ ይሸፍናል። አራተኛው ዓይነት ለሰዓሊው ራሱ የሚሰጥ፣ እንደ ፈለገ የሚያውለው ነው። ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ፉክክሩም የዚያኑ ያህል ነው።

ከሚታወቁት መካከል የኔዘርላንዱ ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ለጀማሪ የጥበብ ባለሙያዎች 5,000 ዩሮ የሚሰጥበት ሲድ አዋርድ የሚባል ሽልማት አለው። የካናዳው ኤልዛቤት ግሪንሺልድስ ፋውንዴሽን ሰው፣ ዕቃ ወይም መልክዓ ምድር በሚታይበት መልክ ለሚሥሉና ለሚቀርፁ ጀማሪዎች ነው፤ ሥራችሁ አብስትራክት ከሆነ አትድከሙ። የኒውዮርኩ ፖሎክ ክራስነር ፋውንዴሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ሰዓሊዎችን፣ ቀራፂዎችንና የሕትመት ሥዕል ሠሪዎችን ከየትኛውም አገር ይቀበላል፤ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ግን አይደግፍም፤ የገንዘብ ችግርን ከሥራ ጥራት ጋር አብሮ ያያል፣ የኤግዚቢሽን ታሪክም ይጠይቃል። የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የባህል ብዝኃነት ፈንድ ደግሞ ለግለሰብ አይሰጥም፤ ማኅበር ላላቸው ነው። አዲስ አበባ ያሉት ጎተ ኢንስቲትዩት፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ብሪቲሽ ካውንስል በየጊዜው የሚያወጧቸውን ጥሪዎች ገጻቸው ላይ መከታተል ይቻላል። የጥሪ ሁኔታ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ያለፈው ዓመት ወረቀት ላይ ተመሥርታችሁ አትጻፉ።

ብቁነቱን መጀመሪያ አንብቡ፤ ዕድሜ፣ የሥራ ዘመን፣ የመኖሪያ አገር፣ ተማሪ መሆን አለመሆን። ከአራቱ መመዘኛ ሦስቱን አሟልታችሁ አራተኛው ከጎደለ ማመልከቻው የሚወድቀው ሥዕሉ ሳይታይ ነው። አንድ ደህና ማመልከቻ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በዓመት አሥር ከመበተን ለእናንተ የተሰፉ የሚመስሉ ሦስት መምረጥ ይበልጣል። ለማመልከቻ ብቻ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም «አሸንፈሃል፣ የማስለቀቂያ ክፍያ ላክ» የሚል ካጋጠማችሁ አጭበርባሪ ነውና ተዉት።

ሥዕሉን የሚፈርደው ፎቶው ነው

ገምጋሚው ሸራችሁን በዓይኑ አያየውም። በአንድ ቀን መቶ ማመልከቻ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ምስል ይከፍታል፤ ጽሑፉን የሚያነበው ምስሉ ካቆመው ነው። የብዙ ሰዓሊ ማመልከቻ የሚሞተውም እዚህ ነው፤ ጠማማ፣ ብልጭታ ያረፈበት፣ የሶፋ ጠርዝ የሚታይበት የስልክ ፎቶ።

ሥዕሉን ከቤት አውጥታችሁ ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ቀን፣ ወይም በግድግዳ ጥላ ውስጥ አቁሙት። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የእኩለ ቀን ፀሐይዋ ቀለሙን ታነጣዋለች፣ ጥላዋ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ነጭ ወረቀት ከሥዕሉ ጎን አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሱና በኋላ ያ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ድረስ ቀለሙን አስተካክሉ፤ ያንኑ ማስተካከያ ለሌሎቹም ተጠቀሙበት። የካሜራው ዓይን በሥዕሉ መሐል ቁመት ላይ ይሁን። በጣም ቀርቦ ማንሳት ጠርዙን ያጎብጠዋል፤ ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ በካሜራው ዙም አቅርቡ። ፍላሽ አይበራም። ዘይት ቀለም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሥዕሉን ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሉትና ካሜራውንም በዚያው ልክ አዘንብሉ።

ዋናውን ትልቅ ፋይል አስቀምጡ፤ ለማመልከቻ የሚላከው ረጅም ጎኑ 2,000 ፒክስል ገደማ ቢሆን ለስክሪን ይበቃል፣ በደካማ ኢንተርኔትም ይጫናል። የፋይሉን ስም «01»፣ «02» እያላችሁ ከስማችሁ ጋር በላቲን ፊደል ጻፉ፤ አንዳንድ ድረ ገጽ የአማርኛ ፊደል ያለበትን ፋይል አይቀበልም። ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ርዕስ፣ የተሠራበት ቁስ፣ ቁመትና ወርድ በሴንቲሜትር፣ ዓመተ ምሕረት ይገባል። ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጉት፤ 2017 ብላችሁ ከጻፋችሁ ከእውነተኛ ዘመኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ሥራ የላካችሁ ይመስላቸዋል።

አሥር ምስል ከተጠየቀና ስምንት ጥሩ ካላችሁ፣ ደንቡ ከፈቀደ ስምንት ላኩ። ደካሞቹ ሁለቱ ስምንቱን ይጎትታሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ የሆቴል መልክዓ ምድርና አብስትራክት አንድ ላይ መደባለቅም አይረዳም፤ ሁሉን መቻል እዚህ እንደ ሙያ አይቆጠርም፤ መንገድ አለመምረጥ ተደርጎ ይነበባል።

ጽሑፉ

በአማርኛ ጀምሩ። በእንግሊዝኛ ለማሰብ ስትታገሉ ሐሳቡ ይቀጥናል፤ መጀመሪያ ራሳችሁ በምትናገሩበት ቋንቋ ጨርሱና ከዚያ ተርጉሙ። በማሽን ካስተረጎማችሁ የአካባቢ ቃላትን አንድ በአንድ ፈትሹ። በርኖስ ካፖርት፣ ባና ተራ ብርድ ልብስ ሆኖ ከወጣ ፕሮጀክቱ ባዶ ይሆናል። አምስተርዳም ላለ ሰው መንዝ የት እንደሆነ በአንድ ሐረግ ንገሩት፦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለ፣ በግ የሚረባበት ብርዳም ደጋ ነው። ከዚያ በላይ ታሪክና መልክዓ ምድር አትተርኩለት።

ስለ ራሳችሁ ስትጽፉ ቅጽል ቀንሱ። «ልዩ ተሰጥኦ ያለኝ» የሚለውን ሌላ ሰው ይበለው፤ እናንተ የሠራችሁትን ጻፉ። የትምህርት ወረቀት ከሌላችሁ አትሸማቀቁ፤ ከማን ጋር እንደተማራችሁ፣ የት እንዳሳያችሁ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ በቂ ነው። የደብረ ብርሃን ካፌ ግድግዳ ላይ ያሳያችሁትም ኤግዚቢሽን ነው፤ ቀኑንና ቦታውን አስቀምጡ።

በጀት

በጀት ከሥዕሉ መጠን ይጀምራል። ለስድስት ወር 12 ሥዕል አቅዳችኋል እንበል። የምታገኙት ሸራ ወርዱ 2.10 ሜትር ከሆነ፣ ሥዕሉን 90 በ110 ሴንቲሜትር ማድረግ ያዋጣል፤ በየጎኑ ለመወጠሪያ 7.5 ሴንቲሜትር ሲተው ቁራጩ 105 በ125 ይሆናል፣ በሸራው ወርድ ልክ ሁለት ይወጣል። 12 ሥዕል 7.5 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ለሚበላሹ ሁለት ሲጨመር 8.75 ሜትር። መጠኑን 100 በ120 ብታደርጉት ግን በወርዱ አንድ ብቻ ስለሚወጣ ግማሽ የሚጠጋው ሸራ ይባክናል። ለፍሬሙ እያንዳንዱ 4 ሜትር ዙሪያ እና 90 ሴንቲሜትር መሐል ድጋፍ ይጠይቃል፤ ለ12 ሥዕል 58.8 ሜትር፣ ከቁርጥራጭ ብክነት ጋር 65 ሜትር ያዙ። የደረቀ እንጨት ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በሁለት ወር ተጣሞ ሸራውን ያጣምመዋል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛ ጄሶም ለሸራ ንጣፍ አይሆንም፤ ሸራው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ለሸራ ተብሎ የተዘጋጀውን በጀት ውስጥ አስገቡ።

በሱፍ የምትሠሩ ከሆነ በጀቱን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ኪሎ ያልታጠበ ሱፍ ገዝታችሁ እጠቡ፣ አድርቁና መዝኑ። ቅባቱ፣ አፈሩና ጉድፉ ሲወጣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የቀነሰበት ልክ ስንት ኪሎ መግዛት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ይህን ሙከራ ከማመልከቻ በፊት ያደረገ ሰው በጀቱ ላይ የሚያስቀምጠው ቁጥር ይታመናል።

ከሁሉም የሚዘለለው መስመር የራስ ክፍያ ነው። ብዙ ሰዓሊ ለራሱ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል፤ ቀለም፣ ሸራ፣ ትራንስፖርት ብቻ ይዘረዝራል። ከዚያ ገንዘቡ ሲመጣ ቀለሙ ተገዝቶ ይቀመጣል፣ ሰዓሊው የቤት ኪራይ ለመክፈል ወደ ማስታወቂያ ሥራው ይመለሳል። ጥሪው ለይቶ ካልከለከለ የወር ኪራያችሁን፣ ቀለባችሁንና መሠረታዊ ወጪያችሁን ደምራችሁ በወራቱ ቁጥር አባዙት፤ «የሰዓሊ ክፍያ» ብላችሁ በመጀመሪያው መስመር አስቀምጡት። ግራንቱ ስድስት ወር የማይበቃ ከሆነ ወራቱን ወደ ሦስት፣ ሥዕሉን ወደ 6 አውርዱ። ሰፊ እቅድ በቀጭን ገንዘብ ማቅረብ ገምጋሚውን ያስጠረጥረዋል።

አብረው የሚሠሩ ፈታዮችና ሸማኔዎች በስማቸው ባይሆን በሥራቸው በጀቱ ውስጥ ይግቡ፤ በቀን ስንት፣ ለስንት ቀን። በውለታ ይሠሩልኛል ብሎ ማቀድ ለእነሱም ለሥራውም አይበጅም።

ዋጋውን በብር አውጥታችሁ የመነዘራችሁበትን ቀንና ምንዛሪ ከግርጌ ጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በማመልከቻና በክፍያ መካከል ባሉት ወራት ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ የሚገባ ቀለም ዋጋም አብሮ ይወጣል። ለመጠባበቂያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያዙ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ሻጩን ጠይቁ።

የጊዜ ሰሌዳው ብርዱንና አዝመራውን ይወቅ

የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ክፍል ውስጥ ሲደርቅ በደንብ አይያያዝም፤ በኋላ ይፈረፈራል ወይም ይሰነጠቃል። ዘይት ቀለም በብርድ መድረቁ ይዘገያል፤ ወፍራም ነጭ ለሳምንታት እርጥብ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሥዕል ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የሚጨርስ ሰሌዳ አታቅርቡ። ብርዱ ወር ላይ በወረቀት የሚሠራ ንድፍ፣ ምርምርና ፍሬም መሥራት አድርጉ። ወይም ማሞቂያ በጀት ውስጥ አስገቡ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ማሞቂያውም አብሮ ይጠፋል።

በዚያው ወራት ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ከገጠር ሸማኔ ጋር ልትሠሩ ያቀዳችሁትን ወር ከእነሱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ የበዓላትን ቀንም ቁጠሩ። ክረምት ላይ የመንዝ የውስጥ መንገድ ይከብዳል፣ በጸጥታ ምክንያትም መንገድ ሊዘጋ ይችላል። «መንዝ መድረስ ካልተቻለ ሱፉንና ሸማኔውን ወደ ደብረ ብርሃን አመጣለሁ» የሚል አንድ መስመር ፕሮፖዛሉ ውስጥ ካለ ገምጋሚው ሥራው እንደማይቆም ያምናል።

ማስገባት

የመዝጊያ ሰዓት ብዙ ሰው ይጥላል። 23:59 በግሪንዊች ሰዓት ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8:59 ነው፣ ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ተቀይሯል። በክረምት ወራቸው በኒውዮርክ ሰዓት 5 PM (በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት የሚባለው) ብለው ከጻፉ በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የቀን መቁጠሪያውንም አስታርቁ፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026 የካቲት 21 ቀን 2018 ነው። በእነዚህ ሰዓቶች ላይ ግን አትመኩ። ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ ምስሎቹን ኔትወርክ በማይጨናነቅበት ማለዳ ጫኑ። ረጅም ጽሑፍ ቅጹ ላይ በቀጥታ አትጻፉ፤ ሌላ ፋይል ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ መብራት ሲሄድ ቅጹ አብሮ ባዶ ይሆናል።

የድጋፍ ደብዳቤ ከተጠየቀ ለጸሐፊው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት፤ ከፕሮፖዛላችሁ አንድ ገጽ ጋር። «ጎበዝ ልጅ ነው» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከየትኛውም ትልቅ ማኅተም ጋር ቢመጣ አይጠቅምም።

ገንዘቡ ሲመጣ

ስማችሁ በፓስፖርት፣ በፋይዳና በባንክ ሒሳብ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት አረጋግጡ። አንዱ ላይ በአባት ስም፣ ሌላው ላይ በአያት ስም የሚያልቅ ወይም አንድ ፊደል የሚለያይ ከሆነ ክፍያው ሊመለስ ይችላል። ባንካችሁን የስዊፍት ኮዱን፣ ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ መቀመጥ ይችል እንደሆነና የሚቀነሰውን ክፍያ ጠይቁ። በመሐል ያለ የውጭ ባንክም ይቀንሳልና የሚደርሰው ከተጻፈው ያንሳል። ግብር ይነካው እንደሆነ ደግሞ ወጪ ከመጀመራችሁ በፊት ገቢዎች ቢሮ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

የተለየ ሒሳብ ክፈቱ። በቤት ወጪ የተደባለቀ ግራንት ሪፖርት ላይ ሊለይ አይችልም፤ «ለጊዜው» የተነካ ገንዘብም የሚመለሰው በጭንቅ ነው። ዘመድ መስማቱም አይቀርም፤ ገንዘቡ ለየት ብሎ በመስመር የተከፋፈለ ከሆነ «ይህ የሥራው ነው» ለማለት ይቀላል።

ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ገበያ ውስጥ ብዙ ነው። ሱፍ ያፈተለችላችሁ እናት ደረሰኝ አይኖራቸውም። ስለዚህ የክፍያ ማረጋገጫ ደብተር አዘጋጁ፤ ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ምን እንደተሠራ፣ ስንት ኪሎ ወይም ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ሰጪው ይህን ይቀበል እንደሆነ ውል ሲፈረም ጠይቁ፤ አብዛኞቹ አስቀድሞ ከተነገራቸው ይስማማሉ። ደረሰኞቹን በገዛችሁበት ቀን ፎቶ አንሱ፤ የካሽ ሬጂስተር ወረቀት በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛል።

እቅድ መለወጡ አይቀርም። ሱፉ ቀለም አልያዘ ይሆናል፣ 12 ሥዕል የተባለው 7 ሆኖ ይሆናል። ከበጀቱ መስመር ወደ መስመር ከ10 በመቶ በላይ ማዛወር ካስፈለገ ከማዛወራችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ሥራው የት እንደከሸፈና ምን እንደተማራችሁበት የሚናገር ሪፖርት ሁሉም እንዳማረ ከሚናገረው ይበልጣል፤ ሰጪዎቹ ሁለተኛውን ዓይነት እስኪሰለቻቸው አንብበውታል። ስለዚህ የተጣሉትንም ሙከራዎች ፎቶ አንሱ፣ ቀናቸውን ጻፉ። ለቀጣዩ ማመልከቻ «ከዚህ ወደዚህ መጣሁ» የምትሉበት ማስረጃ እነሱ ናቸው።

ሥዕሉ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ያስፈልጋልና ለዚያ አዲስ አበባ የምትመላለሱበትን ቀንና የትራንስፖርት ወጪ አስቀድማችሁ ያዙ። ዘይት ቀለም ያልደረቀበትን ሥዕል በቀጥታ በፕላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ይጣበቃል። ሱፍ ያለበት ሥራ በአንዳንድ አገር ኳራንቲን ሊያዝ ስለሚችል ታጥቦና ቀለም ገብቶበት መሠራቱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ከዕቃው ጋር አያይዙ።

መልሱ «አልተሳካም» ከሆነ አስተያየት ይሰጡ እንደሆነ በአጭሩ ጠይቁ፤ የማይሰጡ ይበዛሉ። ማመልከቻውን አትጣሉት፤ ምስሎቹን በአዲስ ሥራ ተኩ፣ የበጀቱን ዋጋ አድሱ፣ ለሚቀጥለው ጥሪ ክፍት አድርጋችሁ አስቀምጡት።